የአስታማሚ ችሎታ በምን ይታወቃል?

(በራዲዮ ከተሰማ ንግግር የተወሰደ)



ሰው በጤናው ሳለ ስለ ራሱ ጉዳይ ራሱ ይፈርዳል። ልብስ ሲያሰፋ ስፌቱ ካላማረው ልብሱን ይመልሳል፤ ቤት ሲያሠራ ግድግዳው ከተጣመመ ሠራተኛውን ጠርቶ ያስተካክላል። በታመመ ጊዜ ግን ይህ ሥልጣን ከእጁ ይወጣል። በሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ፥ ትኩሳት አእምሮውን እያወከው፥ በእኩለ ሌሊት መርፌ ይዛ የምትመጣውን ነርስ «ችሎታሽን አስመስክሪ» ሊላት አይችልም። የቀዳችው መድኃኒት መጠኑ ትክክል መሆኑን፥ እጅዋን መታጠብዋን፥ የአተነፋፈሱን መለወጥ ማስተዋልዋን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ክንዱን ይዘረጋል እንጂ አይመረምርም። እንግዲህ በሽተኛው ሊመረምረው ያልቻለውን ማን ይመርምርለት? መርምሮስ «ችሎታ አላት» ብሎ የመሰከረ ሰው፥ ምስክርነቱ የሚጸናው እስከ መቼ ነው?

እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሲሰሙ ቀላል ይመስላሉ። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር ሁለት ታላላቅ ሴቶችን ከ20 ዓመት በላይ አከራክረዋል፤ ሁለቱም ካለፉ በኋላ እንኳ መልሱ ገና አልተሟላም ነበር። ይህ የሐኪም ቤት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ። እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ የምስክር ወረቀት የምትቀበሉ፥ መዝገብ የምትይዙ፥ ፋይል የምታገላብጡ ሰዎች ናችሁ። ወረቀት ስለ አንድ ሠራተኛ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ይህ ታሪክ ደኅና አድርጎ ያስተምራል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ካልተለየ በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች በሽተኛ ማስታመም እንደ ሙያ የሚቆጠር ሥራ አልነበረም። ሥራውን የሚይዙት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ መተዳደሪያ ያጡ ድኆች ሴቶች ነበሩ፤ ደመወዛቸው ትንሽ፥ ትምህርታቸውም ያዩትን መድገም ብቻ ነበር። ቻርልስ ዲከንስ በ1843 እና በ1844 በየወሩ እየከፋፈለ ባሳተመው «ማርቲን ቸዝልዊት» በተባለው ልብ ወለድ መጽሐፍ ውስጥ ሚስስ ጋምፕ የምትባል ሰካራም አስታማሚ ሥሏል፤ ስሟም ለብዙ ዘመን የመጥፎ አስታማሚ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። እርግጥ በዚያም ዘመን ቅንና ብልህ የሆኑ አስታማሚዎች ነበሩ። ችግሩ ደኅናዋን ከመጥፎዋ ለይቶ የሚያሳውቅ ምልክት አለመኖሩ ነበር።

ይህን ሁኔታ ለመለወጥ ከተነሡት ሰዎች ስማቸው ከሁሉ የገነነው ወይዘሪት ፍሎረንስ ናይቲንጌል ናቸው። በ1820 ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወልደው፥ የወላጆቻቸውን ተቃውሞ ተቋቁመው በ1851 በጀርመን አገር ካይዘርስቬርት በተባለው ስፍራ የማስታመም ሥራ ተማሩ። በ1854 የክሪሚያ ጦርነት በተፋፋመ ጊዜ 38 ሴቶችን አስከትለው ከኢስታንቡል ማዶ በስኩታሪ ወደነበረው የጦር ሆስፒታል ሄዱ። እዚያም ወታደሩን ይበልጥ የሚገድለው የጠላት ጥይት ሳይሆን ተቅማጥ፥ ኮሌራና ተስቦ መሆኑ ታየ። በ1855 ከለንደን የተላከ የንጽሕና ጉባኤ የፍሳሹን ቦይ ካስጠረገ በኋላ የሟቹ ቁጥር በብዙ ቀነሰ። ርኅራኄ ብቻውን በሽተኛን እንደማያድን፥ ማስታመምም በትምህርትና በጥንቃቄ የሚሠራ ሥራ መሆኑን ይህ ጦርነት ለብዙ ሰው ገለጠ።

ሕዝቡ ስለ ወይዘሪት ናይቲንጌል ክብር ወደ 45,000 ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ አዋጣ፤ በዚሁም ገንዘብ በ1860 በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች 15 ነበሩ። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመው የትምህርት ቤቱ የምዘና ዘዴ ነው። ለእያንዳንዷ ተለማማጅ በየወሩ የሚሞላ ወረቀት ነበር። በአንዱ ወገን ጠባይዋ ይመዘገባል፤ ይኸውም ሰዓት ማክበርዋ፥ እርጋታዋ፥ ታማኝነትዋና ንጽሕናዋ ነው። በሁለተኛው ወገን የእጅ ሥራዋ ይመዘገባል፤ ይኸውም ቁስል ማሸግ፥ አልቅት ማጣበቅ፥ አቅም ያነሰውን በሽተኛ ማገላበጥና ይህን የመሰለው ነው። በየአንዳንዱም አንጻር «እጅግ መልካም»፥ «መልካም»፥ «መካከለኛ»፥ «ጎደሎ» ወይም ዜሮ ተብሎ ይጻፋል። ልብ አድርጉ፤ ይህ ምዘና በአንድ ቀን ፈተና የሚያልቅ አልነበረም። በየወሩ፥ በሥራው ቦታ፥ ተለማማጇን በዐይኗ በምታይ አለቃ ምስክርነት የሚሞላ ነበር።

ትምህርት ቤቶቹ በበዙ ቁጥር ግን አዲስ ችግር ተከተለ። አንዱ ሆስፒታል ሦስት ዓመት ሲያስተምር ሌላው አንድ ዓመት ያስተምራል፤ ሌላውም ምንም ሳያስተምር የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ነጭ ቆብና ሽርጥ የገዛች ሴት ሁሉ «ነርስ ነኝ» ብላ ወደ በሽተኛ ቤት መግባት ትችል ነበር፤ የሚከለክላት ሕግ አልነበረም። በዚህ ላይ የተነሡት ወይዘሮ ኤቴል ጎርደን ፌንዊክ ናቸው። እኒህ ሴት በ1881፥ ገና በ24 ዓመታቸው፥ በለንደን የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል የነርሶች አለቃ ሆነው ተሾሙ። በ1887 ሐኪም አግብተው ሥራቸውን ከለቀቁ በኋላ በዚያው ዓመት የብሪታንያ ነርሶች ማኅበርን መሠረቱ። ዓላማቸውም አንድ ነበር፤ የነርሶች ትምህርት ዘመኑ የተወሰነ እንዲሆን፥ ፈተናው በአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲሆን፥ ያለፈችውም ነርስ በመንግሥት መዝገብ ስሟ እንዲሰፍር ነው። ሐኪሞች በ1858 በወጣው ሕግ መዝገብ ተከፍቶላቸው ስለ ነበር «ለሐኪሙ የተገባው ጥንቃቄ ለነርሷ ለምን ይቀራል?» የሚለው ክርክራቸው ብርቱ ነበር።

አንባቢዎች ሆይ፥ ወይዘሪት ናይቲንጌል ይህን ሐሳብ በደስታ የሚቀበሉ ይመስላችሁ ይሆናል። እርሳቸው ግን አጥብቀው ተቃወሙት። ምክንያታቸው ሁለት ነበር። አንደኛ፥ የጽሑፍ ፈተና የመጽሐፍ እውቀትን እንጂ ትዕግሥትን፥ ታማኝነትንና የእጅን ብልኃት አይለካም፤ በፈተና ያለፈች ሁሉ በአልጋው አጠገብ ብቁ አይደለችም። ሁለተኛ፥ መዝገብ የሚናገረው ስላለፈው ነገር ነው፤ ከብዙ ዓመት በፊት ስሟ የሰፈረ ነርስ ዛሬ ምን እንደ ሆነች መዝገቡ አያውቅም፤ ሕዝቡ ግን መዝገቡን አምኖ ይታለላል። ገና በ1872 ለትምህርት ቤታቸው ተለማማጆች በጻፉት ደብዳቤ፥ በየዓመቱ ወደ ፊት የማትራመድ ነርስ ባለችበት የምትቆም ሳትሆን ወደ ኋላ የምትሄድ መሆንዋን አስገንዝበው ነበር።

የወይዘሮ ፌንዊክ ወገን የሚመልሰውም ቀላል አልነበረም። የነርሶች አለቃ ተለማማጇን በቅርብ ማወቋ መልካም ነው፤ ነገር ግን ያች ነርስ ከሆስፒታሉ ወጥታ በሌላ ከተማ በግል ስታገለግል በሽተኛው አለቃዋን ከየት አግኝቶ ይጠይቃል? ሕዝብ የሚያየው አንድ የታወቀ ምልክት ያሻዋል። ምልክቱ ፍጹም ባይሆንም ምንም ካለመኖር ይሻላል አሉ። በዚህ መካከል የአንዳንድ ታላላቅ ሆስፒታሎች አስተዳዳሪዎች ሥልጣናችን ይነካል ብለው ስለ ሰጉ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ተሰለፉ። ነገሩ በፓርላማ እየተነሣ እየወደቀ ብዙ ዓመት ቆየ።

እንግሊዝ ስትከራከር ሌሎች ቀደሟት። በደቡብ አፍሪካ የኬፕ ግዛት በ1891፥ ኒውዚላንድ በ1901፥ በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ግዛት በ1903 የነርሶችን ምዝገባ በሕግ ደነገጉ። ወይዘሪት ናይቲንጌል በ1910 በ90 ዓመታቸው ዐረፉ። ከዚያም የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ፤ አጭር ልምምድ ብቻ የነበራቸው በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ከሠለጠኑት ነርሶች ጎን ተሰልፈው ቁስለኛን አስታመሙ። አገልግሎታቸው የሚመሰገን ቢሆንም የሠለጠነውን ካልሠለጠነው የሚለይ ሕግ አስፈላጊ መሆኑን ጦርነቱ አጉልቶ አሳየ። በ1919 መጨረሻ የነርሶች ምዝገባ ሕግ ወጣ። በ1921 መዝገቡ ሲከፈት በአንደኛ ቁጥር የሰፈረው ስም የወይዘሮ ፌንዊክ ነበር። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በሥራ ላይ የነበሩት ነርሶች የአገልግሎት ማስረጃ እያቀረቡ ያለ መንግሥት ፈተና ተመዘገቡ፤ የመጀመሪያው የመንግሥት ፈተና የተሰጠው በ1925 ነው።

ይህ መዝገብ ከአገራችንም ታሪክ ጋር የተገናኘበት ጊዜ አለ። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ከቤተ ሰባቸው ጋር በእንግሊዝ አገር በስደት ሳሉ፥ በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነትን ተማሩ፤ በ1939ም ትምህርታቸውን ፈጽመው በመንግሥት መዝገብ የሰፈሩ የሕፃናት ነርስ ሆኑ። መዝገቡ የሚጠይቀው የዘር ሐረግን ሳይሆን ትምህርትንና ፈተናን ነበር። ልዕልቲቱ አገራቸው ነፃ ከወጣች በኋላ ተመልሰው ብዙም ሳያገለግሉ በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. በለቀምት በወሊድ ምክንያት በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። መታሰቢያቸው የሆነው ሆስፒታል በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ።

እንግዲህ ወይዘሮ ፌንዊክ ድል አደረጉ። ነገር ግን የወይዘሪት ናይቲንጌል ሁለተኛ ጥያቄ ሳይመለስ በመዝገቡ ውስጥ ተቀብሮ ቆየ። በ1925 ተፈትና ያለፈች አንዲት ነርስ ብዙ ዓመት አገልግላለች እንበል። በተማረችበት ጊዜ የሰልፋ መድኃኒት አልነበረም፤ ፔኒሲሊን ለሕዝብ የተዳረሰው በ1940ዎቹ ነው። ቆማ የቀረ ልብን በእጅ ደረትን በመጫን የማስነሣት ዘዴ ለሐኪሞች በጽሑፍ የተገለጠው በ1960 ነው። የምስክር ወረቀቷ በግድግዳዋ ላይ እንደ ተሰቀለ ነው፤ ሙያው ግን ከሥሩ ተለውጧል። የተማሩትም ነገር ካልተሠራበት ይጠፋል። ይህ ደረትን የመጫን ዘዴ ራሱ፥ በጥቂት ወሮች ውስጥ ካልተደገመ ከእጅ መራቅ እንደሚጀምር በተደጋጋሚ ተመርምሮ ታውቋል። ቢላ በመሶብ ሥር ተቀምጦም ይዶለዱማል።

የፈተናውም ነገር እንዲሁ አሳቢዎችን አላስተኛም። በ1975 በስኮትላንድ የዳንዲ ከተማ ሮናልድ ሃርደን የተባሉ የሕክምና መምህርና ጓደኞቻቸው ተማሪው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወረ፥ በእያንዳንዱ ጣቢያ በተወሰነ ደቂቃ አንድ ሥራ በተግባር እየሠራ በተዘጋጀ ዝርዝር የሚታረምበትን ፈተና አስተዋወቁ፤ ይህም ዘዴ ኋላ ለነርሶች ተዳረሰ። በ1984 ፓትሪሺያ ቤነር የተባሉ አሜሪካዊት ነርስ፥ አስታማሚ ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት በአምስት ደረጃዎች እንደምታድግ በመጽሐፍ ገለጡ። በ1990 ደግሞ ጆርጅ ሚለር የተባሉ አሜሪካዊ የሕክምና መምህር የችሎታን ምዘና በአራት እርከኖች ከፈሉት፤ የመጀመሪያው ማወቅ ነው፤ ሁለተኛው እንዴት እንደሚደረግ ማወቅ ነው፤ ሦስተኛው በፈታኝ ፊት አድርጎ ማሳየት ነው፤ አራተኛው፥ ከሁሉም የሚበልጠው፥ ፈታኝ በሌለበት በዕለት ሥራ ማድረግ ነው። የወረቀት ፈተና የሚለካው የታችኞቹን ሁለቱን ነው። ለበሽተኛው የሚጠቅመው ግን አራተኛው ነው። ወይዘሪት ናይቲንጌል በየወሩ ያስሞሉት የነበረው ወረቀት፥ እንከን ቢኖርበትም፥ ይህን አራተኛ እርከን ለመያዝ የተሞከረበት ነበር።

ችሎታን ለማደስ የወጣው ሕግም ቀስ እያለ መጣ። በእንግሊዝ አገር በ1936 የወጣው የአዋላጆች ሕግ አዋላጆች በየጊዜው እየተመለሱ ትምህርታቸውን እንዲያድሱ መንገድ ከፈተ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት በ1970ዎቹ ነርሶች ፈቃዳቸውን ለማሳደስ ተከታታይ ትምህርት መማራቸውን እንዲያስረዱ ደነገገ፤ መጠኑም በሁለት ዓመት 30 ሰዓት ነው። በእንግሊዝ አገር እንደዚህ ያለው ግዴታ ለነርሶች ሁሉ የጸናው ከ1995 ጀምሮ ነው። ይሁን እንጂ በስታፎርድ ከተማ ሆስፒታል በሽተኞች ውሃ እየጠማቸው፥ በቆሸሸ አልጋ ላይ እየተተዉ የተጎዱበት ሁኔታ በመንግሥት ተመርምሮ ውጤቱ በ2013 ታተመ። በዚያ የነበሩት ነርሶች ስማቸው በመዝገብ የሰፈረ ነበር። ነገሩ የአስተዳደርና የሠራተኛ ማነስ ጥፋትም ቢኖርበት፥ መዝገብ ብቻውን በሽተኛውን እንደማይጠብቅ ለሁሉም ተገለጠ።

ከዚህ በኋላ በኤፕሪል 2016 አዲስ ሥርዓት ቆመ። በእንግሊዝ አገር ያለ ነርስ ስሙ በመዝገቡ እንዲቆይ በየሦስት ዓመቱ ቢያንስ 450 ሰዓት በሙያው መሥራቱን፥ 35 ሰዓት መማሩንና ከዚህም ውስጥ 20ው ከሌሎች ሰዎች ጋር ተሳትፎ የተማረው መሆኑን ማስረዳት አለበት። ስለ ሥራው ከበሽተኞች ወይም ከባልደረቦች ያገኘውን አምስት አስተያየት ይሰበስባል፤ ከሥራው የተማረውንም በአምስት አጫጭር ጽሑፎች ይገልጣል፤ በጽሑፎቹም ላይ ከሌላ የተመዘገበ ባለሙያ ጋር ተቀምጦ ይነጋገራል። አስተውላችሁ እንደሆነ፥ ይህ በወይዘሮ ፌንዊክ መዝገብ ላይ የወይዘሪት ናይቲንጌል ጥያቄ የተጻፈበት ሥርዓት ነው። የሁለቱ ክርክር ዕርቅ ያገኘው፥ የመጀመሪያዪቱ ከሞቱ ከ100 ዓመት በኋላ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ስል ሥርዓቱ ፍጹም ነው ማለቴ አይደለም። ሰዓት መቁጠር ችሎታን መቁጠር አይደለም። በትምህርት አዳራሽ ተቀምጦ ያንቀላፋ ሰውም ሰዓቱ ይቆጠርለታል። አስተያየቱን ከወዳጅ ማጻፍ፥ ጽሑፉን ከሌላ መገልበጥ ይቻላል። ወረቀቱ በዝቶ፥ ተመልካቹ ከጠፋ፥ ዞረን ዞረን ወደ ተነሣንበት ስፍራ እንመለሳለን። ስለዚህ ከሕጉ በስተጀርባ በአልጋው አጠገብ ቆማ የምታይ፥ ስሕተትን በጊዜው የምታርም፥ መልካሙንም የምትመሰክር የሥራ አለቃ መኖር አለባት። መዝገብ ያለ ምስክር ባዶ ነው፤ ምስክርም ያለ መዝገብ ከአንድ ሆስፒታል ግድግዳ አያልፍም።

በአገራችንም ጤና ሚኒስቴር በቅርብ ዓመታት ከትምህርት ቤት የሚወጡ የጤና ባለሙያዎች የብቃት ምዘና ፈተና እንዲወስዱ፥ የሙያ ፈቃድ እድሳትም ከተከታታይ የሙያ ትምህርት ጋር እንዲያያዝ ሥርዓት ዘርግቷል። ይህ ሥርዓት በውጭ አገር ብዙ ክርክርና ብዙ ጉዳት ከተከፈለበት ትምህርት ጋር የሚስማማ ነው። እንዲሠራ ወይም እንዲበላሽ የሚያደርገው ግን የደንቡ ቃል ሳይሆን ደንቡን በእጃቸው የያዙት ሰዎች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ ነርሶች ሳይሆኑ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ናቸው።

ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎች፥ ነገሩ በእናንተም ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። ከሩቅ ጤና ጣቢያ የመጣች ነርስ ትምህርቷን ለማደስ ፈቃድ ስትጠይቅ «ሥራ ይበደላል» ብሎ ማመልከቻዋን መመለስ ቀላል ነው። ለማለማመጃ የሚሆን ዕቃ እንዲገዛ የቀረበውን በጀት «ይህ ለሚቀጥለው ዓመት ይደር» ብሎ መሰረዝ ቀላል ነው። የትምህርት ማስረጃውን ከጀርባው ሳይመረምሩ ማኅተም መምታትም ከሁሉ ይቀላል። በዚያች ሰዓት የተመታው ማኅተም ግን ከመዝገብ ቤት ወጥቶ አንድ ሌሊት በአንድ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ይቆማል። በሽተኛውም ማኅተሙን አምኖ ክንዱን ይዘረጋል። ያ በሽተኛ የእናንተ እናት፥ ወይም የእናንተ ልጅ፥ ወይም እናንተው ራሳችሁ ልትሆኑ እንደምትችሉ ማስታወስ ይበቃል።